ከሰልፉ ኋላ

ሚያዝያ 18 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ፤ ሰቆጣ

ይህን ደብተር የጀመርኩት ለአንድ ውሱን ዓላማ ነው፤ ከስካውት ቡድናችን ሁለቱ ታላላቅ አባላት ታናናሾቻቸውን ለማስተማር እስኪበቁ ድረስ ያለውን ሂደት ለመመዝገብ። የግል ጉዳይ አይገባበትም።

ሰልጣኞቹ ሰገነትና ምንዋጋው ናቸው። ሰገነት ዐሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። ቤተሰቦቿ ፃግብጂ ይኖራሉ፤ እሷ እዚህ ቤት ተከራይታ ዐሥራ አንደኛ ክፍል ትማራለች። አፏን የፈታችው በኽምጣና ነው። ምንዋጋው የከተማ ልጅ ነው፤ በዕድሜ አንድ ዓመት ታንሰኛለች ብሎ ይከራከራል፣ መዝገቡ ግን እሱ እንደሚያንስ ያሳያል። ቋጠሮውን፣ እሳት ማንደዱን፣ በምልክት መጓዙን ሁለቱም ጠንቅቀው ያውቃሉ። የሚቀራቸው ያወቁትን ለሌላ ማሳለፍ ነው፤ ይህም ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ዐሥራ ሁለት ታናናሾች አሉን፤ ለእያንዳንዳቸው ስድስት ስድስት ደልድያለሁ።

ስምንት ገጽ መመሪያ ጽፌያለሁ። አሰልጣኝ በመጀመሪያ ሠርቶ ያሳያል፤ ቀጥሎ አብሮ ይሠራል፤ በመጨረሻ እጁን ሰብስቦ ይመለከታል። ለአንድ ተግባር አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል። የማጠቃለያው ፈተና ሰኔ 21 የሚደረግ የግማሽ ቀን ጉዞ ነው።

ርእሰ መምህሩ ይህ ለምን ዘንድሮ እንዳስፈለገ ጠየቁኝ። ቡድን በአንድ መሪ ብቻ ሊቆም አይገባም አልኳቸው። መልሱ ትክክል ነው። የተሟላ ግን አይደለም።

ሚያዝያ 20፣ ሰኞ ማታ

ደንቡን በሦስተኛው ቀን ማፍረሴ ነው። ያልተሟላውን ላሟላ።

ባለፈው ጥቅምት ባሕር ዳር ከታየሁበት ሐኪም የተሰጠኝ ወረቀት በመሳቢያዬ ይገኛል። በሁለቱም ዓይኖቼ የዳር እይታዬ ከግማሽ በላይ መጥፋቱን፣ የጠፋው እንደማይመለስ፣ ጠብታውም የቀረውን ለማቆየት መሆኑን ይገልጻል። በየሦስት ወሩ እንድመለስ ያዝዛል። አልተመለስኩም። መንገዱ አንዴ ይከፈታል፣ አንዴ ይዘጋል። የተከፈተባቸው ሳምንታትም ነበሩ።

ፊት ለፊቴ ያለውን አያለሁ። አነባለሁ፤ ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ። ዓለም በሸምበቆ ቀዳዳ እንደሚመለከቷት ሆናለች፤ ጠባብ ናት እንጂ ጥርት ያለች ናት። ሲመሽ በየአምፖሉ ዙሪያ ቀስተ ደመና የመሰለ ቀለበት ይወጣል። ትናንት ከኮረብታው ላይ ቁልቁል ስመለከት ከተማዋ በቀለበት የተሞላች ረጋ ያለች ሐይቅ መሰለችኝ፤ ቤቶቹ የሉም፣ መንገዱ የለም፣ ቀለበቶቹ ብቻ ቀስ ብለው ይንሳፈፋሉ። እዚያው ብዙ ቆየሁ። ስለዚህ ውበት ከማን ጋር እንደሚወራ አላውቅም።

የቡድኑ ኮሚቴ ቢሰማ ከመሪነት ያነሣኛል። ተተኪ የለምና ቡድኑ ይበተናል። ስለዚህ ሁለቱ ልጆች እስኪደርሱ ዝም ማለት ተገቢ ነው። ውሳኔው ምክንያታዊ ነው። ዛሬ ሦስት ጊዜ መረመርኩት።

ሚያዝያ 25፣ ቅዳሜ

የመጀመሪያው የማስተማር ልምምድ። ሰገነት የሁለት ገመድ ማገናኛ ቋጠሮ አስተማረች። ከገጠር የመጡት ሦስቱ ልጆች «ቀኝን በግራ ላይ» ሲባል ገመዱን ትተው እርስ በርስ ይተያያሉ። በኽምጣና አንድ ነገር አለቻቸው፤ ሳቁ፤ ቋጠሯት። መመሪያው በአማርኛ መሆኑን አሳሰብኳት። «እሺ ቲቸር፤ ገመዱ ግን አማርኛ አይችልም» አለ ምንዋጋው ከጎን።

ከዚህ ይልቅ ያሳሰበኝ ሌላ ጉድለቷ ነው። ትርፍ ነገር ታወራለች። ወደ ሜዳው ስንሄድ ከፊት ሆና ማንም የሚያየውን ሁሉ ጮክ ብላ ትዘረዝራለች፦ ከፊታችን ቦይ አለ፤ ከቦዩ ማዶ ሁለት ድንጋይ፤ የግራው ይነቃነቃል። ስድስት ጤነኛ ልጆች ቦይ አይጠፋቸውም። «ትርፍ ንግግር» የሚል ዓምድ ጨምሬ ሁለት ነጥብ ቀነስኩ።

ግንቦት 9፣ ቅዳሜ

እሳት። ምንዋጋው አስተማረ። እንጨቱ ትናንት በጣለው ካፊያ ርሷል። መመሪያዬ «በሦስት ደቂቃ ይቀጣጠላል» ይላል። ሰባት ደቂቃ ሆነ። «ቲቸር፣ እንጨቱ ገጽ አራትን አላነበበም» አለ። ልጆቹ ተንከተከቱ፤ እኔም ልስቅ ምንም አልቀረኝም።

ይኸኛውም የዚያችው ጉድለት ተጋብቶበታል። በዱላው ጫፍ ቀይ ጨርቅ አስሮ እያውለበለበ ከፊቴ ይሄዳል። ጌጥ አስፈላጊ አለመሆኑን ነገርኩት። «ለእኔ ያስፈልገኛል» አለ። አልፈታውም። አንድ ነጥብ።

ግንቦት 13

ጠብታው አለቀ። እዚህ የለም። ታናሽ እህቴ እታገኝ ከሌላ ከተማ አስመጣለሁ ትላለች። ለአቧራ ነው ብያታለሁ። ውኃውን ከብርጭቆው አጠገብ ማፍሰሴን አይታ ጠረገች።

ግንቦት 16፣ ቅዳሜ

ዛሬ መምሬ ገብረ ጻድቅ ወደ ሜዳው መጡ። የእናትነሽ አያት ናቸው። እናትነሽ ከሰገነት ስድስት ልጆች ትንሿ ናት፤ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። እናቷ ከሞተች ወዲህ ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። ስለ ሰኔው ጉዞ ሰምተው ሊጠይቁኝ ነው የመጡት። መቋሚያቸውን ተደግፈው ልጆቹን ብዙ ጊዜ ተመለከቱ።

«አንተ ራስህ ትሄዳለህ?»

እንደምሄድ ነገርኳቸው።

«ከፊት ነህ ከኋላ?»

«ከኋላ ነኝ፣ አባ። ከኋላ የሚሄድ ሰው ሁሉንም ያያል።»

«እንግዲያ አንተን አምኜ ነው የምሰጥህ» አሉ። «ከደጅ አልፋ አታውቅም። ከመምህሩ ሥር እንዳትጠፊ እላታለሁ።»

መስቀላቸውን ተሳልሜ ሸኘኋቸው። የተናገርኩት የአሠራር ደንብ ነው፤ በመመሪያው ገጽ ሰባት ላይ ሰፍሯል። ስለ ራሴ የተናገርኩት ነገር የለም። ይህን ዓረፍተ ነገር አሁን ሁለት ጊዜ ሰርዤ እንደገና ጻፍኩት።

ግንቦት 24፣ እሑድ

ሕልም አየሁ። ከአበርገሌ በኩል የሚወጣ ሞቃት ጭጋግ ሸለቆውን ሞልቶታል፤ እኔ ከላዩ እሄዳለሁ። እግሬ አይሰጥምም። ከሥር የልጆች ድምፅ ይሰማል፤ ቋጠሮ ይቆጥራሉ፤ የየአንዳንዱ ድምፅ እንደ ነጭ ክር ወደ ላይ ይወጣና በእጄ ያልፋል። አንዱን ልይዝ ስል ነቃሁ። እጄ ወደ ጎን ተዘርግቶ ግድግዳውን ይዞ ነበር።

ሕልም መረጃ አይደለም። የጻፍኩት ደስ ስላለኝ ብቻ ነው።

ሰኔ 7፣ ቅዳሜ

ዝናቡ ጀመረ። ልምምዱ በመማሪያ ክፍል ሆነ።

ከመስኮቱ ውጪ ሁለቱ ሲነጋገሩ ሰማሁ። ሰገነት «ዛሬ የአንተ ተራ ነው፤ ደረጃው ረጥቧል» አለችው። እሱ «ትናንትም የእኔ ነበር» አለ። የጽዳት ተራ መሆን አለበት። ስወጣ ምንዋጋው ደረጃውን አንድ በአንድ እየረገጠና ጮክ ብሎ እየቆጠረ ከፊቴ ወረደ። ለዐሥራ ስድስት ዓመት ልጅ የማይመጥን ጨዋታ ነው።

ሰኔ 14፣ ቅዳሜ

የምልክቱ ሥራ ዛሬ ተፈጸመ። አሠራሩ ይህ ነው፦ ምንዋጋውና ስድስቱ ልጆቹ መንገድ መርጠው በየመታጠፊያው ምልክት ያኖራሉ፤ እስከ ጉልበት የሚደርስ የድንጋይ ክምርና መሄጃውን የሚያሳይ አንድ ድንጋይ በጎኑ። ቅዳሜ ሰኔ 21 እነሱ ቀድመው መድረሻው ላይ ይጠብቃሉ፤ የሰገነት ቡድን ምልክቱን ተከትሎ ይደርስባቸዋል። ፈተናው ለማንም እንዳያደላ መንገዱን ለእኔም እንዳይነግሩኝ አዝዣለሁ። የሰገነት ቡድን መንገደኛ መጠየቅ አይፈቀድለትም፤ የሚመራው በምልክቱ ብቻ ነው።

የዝናቡን ሰዓት፣ የልጆቹን የእርምጃ ፍጥነት፣ የስንቁን በሶ፣ የጅረቱን ሙላት አስቤያለሁ። ያላሰብኩት ነገር የለም።

ሰኔ 20

በሶው ታሽጓል። ፊሽካ ስድስት። ገመድ ሁለት። እታገኝ ነገ አትሂድ አለችኝ፤ ምክንያቱን አልጠየቅኳትም። ልትነግረኝ ትችል ነበርና።

ሰኔ 21፣ ቅዳሜ ማታ

በቅደም ተከተል እጽፋለሁ።

አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ከከተማው ጫፍ ተነሣን። ሌሊቱን ዘንቦ አቁሟል፤ ከመሬቱ ጉም ይነሣ ነበር። ሰገነት ከፊት፣ ልጆቹ መሐል፣ እኔ ከኋላ። እናትነሽ ከሰልፉ እየወጣች ወደ እኔ ትመጣ ነበር፤ ሁለት ጊዜ ወደ ቦታዋ መለስኳት። የመጀመሪያዎቹን አራት ምልክቶች ያለ ችግር አገኙ። ሰገነት በየቦታው ቆማ ልጆቹ ራሳቸው እንዲያነቡት ታደርጋለች፤ አንዱ ሲሳሳት አታርመውም፤ ሌላውን ትጠይቃለች። ይህን እኔ አላስተማርኳትም።

አፋፉ ላይ ስንደርስ ጉሙ ወፍሮ ነበር። እንዲህ ያለ ጸጥታ ሰምቼ አላውቅም። ወይራዎቹ ግማሽ ግማሽ ይታያሉ፤ ሥራቸው የለም፣ ጫፋቸው ብቻ በነጭ ላይ ተንጠልጥሏል። ሁላችንም አንድ ዓይነት ያየን መሰለኝ። ለጥቂት ደቂቃ እኔም እንደ ሰው ሆንኩ።

አምስተኛው ምልክት እዚያ ነበር፤ መንገዱ ለሁለት የሚከፈልበት። የኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ጉልላት መጀመሪያ ብቅ የሚለው ከዚያ ነው፤ መንገደኛ ቆሞ ይሳለማል። ሰገነት ቆመች።

«ይኼ የእኛ አይደለም» አለች።

ምልክቱ በግልጽ እንደሚታይ፣ ወደ ግራ እንደሚያመለክት ነገርኳት። በሸምበቆዬ ውስጥ አንድ ድንጋይ ከክምሩ በግራ ይታየኝ ነበር።

«ሰኞ ዐሥራ ስድስት ነበር፣ ቲቸር። ኪዳነ ምሕረት። አገር ምድሩ በዚህ አልፏል። መሳለሚያ ላይ ክምር ያየ ሰው ሁሉ ድንጋይ ጥሎ ነው የሚሄደው። ምንዋጋው ያኖረው ከሥር ተቀብሯል።»

በዓሉን አላሰብኩትም ነበር። በዚህ አገር ተወልጄ፣ የዚህን አገር መልክዓ ምድር ዐሥራ አምስት ዓመት አስተምሬ፣ ሰኔ ዐሥራ ስድስት ለእኔ በሁለት ቅዳሜዎች መካከል ያለ ባዶ ቁጥር ሆኖ አለፈ። ያን ጊዜ ግን ይህን አላልኩም። ያልኩት ክምሩ እንዳለ መሆኑን፣ በዓይኔ እያየሁት መሆኑን ነው።

ልጆቹ ወደ እኔ ዞሩ። ሰገነት ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ቲቸር፣ ክምሩ ከወገቤ በላይ ነው።»

የመልሴን ቃል በትክክል ለመመዝገብ ሞክሬያለሁ፤ አላስታውሰውም። ደንቡ ምልክቱን መከተል ነው የሚል ነበር። እሷም እንደማትሄድ ተናገረች። ልጆቹን አስቀመጠቻቸው። ተሳላሚ የጣለው ድንጋይ አይነካምና ክምሩን ማፍረስ አይቻልም፤ ስለዚህ ሁለት ሁለት ሆነው በሁለቱም መንገድ ሃምሳ እርምጃ ብቻ ሄደው ቀጣዩን ምልክት እንዲፈልጉ፣ ያገኘው እንዲያፏጭ ታስረዳቸው ጀመር። አሳየቻቸው፤ አብራቸው ቆጠረች። እኔ በዚያ መሐል ትክክል መሆኔን ላረጋግጥ በግራው መንገድ ብቻዬን ሄድኩ።

ምን ያህል እንደሄድኩ አልቆጠርኩም። እርምጃዬን ያልቆጠርኩበት የመጀመሪያ ጊዜ ነው። ጉሙ ፊቴን ይነካኝ ነበር፤ ለስላሳ ነበር፤ እግሬ ሣር እንጂ መንገድ አይረግጥም ነበር፤ ይህን አውቄ ቀጠልኩ። ሕልሙን አስታወስኩ። ከዚያ የኮቴን ጠርዝ የያዘ ትንሽ እጅ ተሰማኝ።

«ቲቸር፣ መሬቱ እዚህ ያልቃል።»

እናትነሽ ነበረች። ከእኔ ሥር እንዳትጠፋ ታዝዛ ነበርና ተከትላኛለች። ከእኔ ጎን፣ ከእኔ ትንሽ ቀድማ፣ ጠርዙ ላይ ቆማ ነበር። ከሷ ጫማ የተነሣ ጠጠር ወረደ፤ ሲያርፍ አልሰማሁትም።

እጇን ያዝኩ። ከእኔና ከሷ ማን ማንን ይዞ እንደተመለሰ ግልጽ ነው።

ከቀኝ በኩል ፉጨት ተሰማ። ምልክቱ ተገኝቶ ነበር። መድረሻው ላይ ምንዋጋው ስንዘገይ በሶውን ሊጨርሰው አስቦ እንደነበር ነገረን፤ ፊቴን አይቶ ግን ቀልዱን ተወው።

ሰኔ 22፣ እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ ሰገነት መጣች። እንድትቀመጥ ጋበዝኳት። ከመቼ ጀምሮ እንደሚያውቁ ጠየቅኳት።

«ከጥምቀት ጀምሮ ነው። ምንዋጋው በስካውት ሰላምታ ግራ እጁን ዘረጋልዎ፤ አልጨበጡትም። ተቀይመውኛል ብሎ ሳምንት ሙሉ እህል አልቀመሰም። ከዚያ በር ላይ ሲጋጩ አየ።»

«ለምን አልነገራችሁኝም?»

«እርስዎ መቼ ነገሩን?»

ይህን ያለችው በቁጣ አልነበረም። ልትወጣ ስትል በዚያ አፋፍ ላይ ልጆቹ ፊት መናገሯ ስላሳፈረኝ ይቅርታ ጠየቀችኝ። መልስ ሳልሰጣት ወጣች፤ ይቅርታው የእኔ መሆን እንደነበረበት ያሰብኩት በሩ ከተዘጋ በኋላ ነው።

ማታ የነጥብ መስጫውን አወጣሁ። ቦዩ፣ የሚነቃነቀው ድንጋይ፣ ቀዩ ጨርቅ፣ የደረጃው ቆጠራ። «ትርፍ ንግግር» የሚለውን ዓምድ ከላይ እስከ ታች ሰረዝኩት። የቀነስኩትን መመለስ ቀላል ሥራ ነው፤ የመደመር ጉዳይ ነው። ሆኖም እስከ እኩለ ሌሊት ቆየሁበት።

ሰኔ 25፣ ረቡዕ

የሐኪሙን ወረቀት ከደብዳቤ ጋር አያይዤ ለኮሚቴው ሰጠሁ። ሁለቱም ሰልጣኞች ለማስተማር ብቁ መሆናቸውን ገለጽኩ። ኮሚቴው በዚያው ቀን ከመሪነት አነሣኝ፤ ቡድኑን ግን አልበተነም። ባልደረባዬ መምህርት ጥሩሐረግ በኃላፊነት ትከታተላለች፤ የሚያስተምሩት ሰገነትና ምንዋጋው ናቸው። ሐምሌ 5 አንድ ጉዞ ተፈቅዷል፤ እያንዳንዱ ወላጅ ከፈቀደ።

እታገኝ ለሰኞ ሐምሌ 7 የመኪና ቦታ ይዛለች። ባሕር ዳር። አብራኝ ትሄዳለች።

ሰኔ 28፣ ቅዳሜ

ወደ መምሬ ገብረ ጻድቅ ቤት ሄድኩ። አጥሩ ሥር ተቀምጠው ዳዊት ይደግሙ ነበር። እስኪጨርሱ ቆምኩ። የምናገረውን በሦስት ነጥብ አዘጋጅቼ ነበር።

እሳቸው ቀደሙኝ። ልጅቷ ያንኑ ዕለት ሁሉንም እንደነገረቻቸው ገለጹልኝ። ምን እንዳለቻቸው ጠየቅኩ።

«ቲቸር ገደል ሊያሳየኝ ወሰደኝ፤ አየሁት፤ ተመለስን አለችኝ» አሉና ፈገግ አሉ። «ገደል ማሳየት ደግ ነው። ያላየው ነው የሚገባበት።»

እዚያ ላይ ማቆም እችል ነበር። ልጅቷ ራሷ ያለ ተንኮል የሰጠችኝ ሽፋን ነው፤ ማንም አይገልጠውም። ይህን እዚህ የምጽፈው ለምን ያህል ጊዜ ዝም እንዳልኩ ስለማውቅ ነው። የግቢው እረኛ አንድ በግ ከአንድ ጥግ ወደ ሌላው እስኪያዛውር ድረስ ዝም አልኩ።

«አላሳየኋትም፣ አባ» አልኩ። «እኔ ገደሉን አላየሁትም። ያየችው እሷ ናት። ዓይኔ ታሟል።»

ዳዊታቸውን ዘጉ። «ከመቼ ጀምሮ?»

«ካወቅኩት ከጥቅምት ወዲህ ነው።»

«ግንቦት ላይ ከፊት ነህ ከኋላ ብዬ ስጠይቅህ ታውቅ ነበር።»

«አውቅ ነበር።»

ያዘጋጀኋቸው ሦስት ነጥቦች አንዳቸውም አልመጡልኝም። ተንበረከክሁ። መስቀላቸው ከጉልበታቸው ላይ ነበር፤ አላነሡትም።

«እግዚአብሔር ይፍታህ ማለት ሥራዬ ነው፤ ነገ ቤተ ክርስቲያን ና፣ እልሃለሁ» አሉ። «ዛሬ ግን አያቷ ነኝ።»

ተነሣሁ። በሩ ጋ ስደርስ ጠሩኝ። የሐምሌውን ጉዞ የሚመራው ማን እንደሆነ ጠየቁ። ሰገነት መሆኗን ነገርኳቸው።

«አንተስ?»

«እኔ አልሄድም።»

«እንግዲያ እልካታለሁ» አሉ።

ሐምሌ 5፣ ቅዳሜ

አንድ ሰዓት ላይ በቤቴ በር አለፉ። ዐሥራ ሁለቱም መጥተዋል። ምንዋጋው አንዱን ልጅ «በሶህን ጭንቅላትህ ላይ ሳይሆን ጀርባህ ላይ እሰር» ይለዋል። እናትነሽ ሰገነትን ስለ አንድ ቋጠሮ ትጠይቃታለች፤ ሰገነት አልመለሰችላትም፤ ቆማ ጠበቀቻት። ከዚያ ድምፃቸው በቁልቋሎቹ በኩል ወጣ፤ ቀጠነ፤ ጠፋ። ካፊያ ነበር።

ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ ተመለሱ። ሁሉም።

በየት እንደሄዱ፣ ምን እንዳስተማሩ፣ ማን እንደተሳሳተ አላውቅም። ሰገነት በራሷ ደብተር መዝግባለች። አላሳየችኝም፤ አልጠየቅኳትም።